ከዓሣ ሻጯ ትይዩ መቀመጥ ላላሻቸው ጓድ ሊቀ መንበር

ኅዳር 5 ቀን 1977 ዓ.ም.
ጋምቤላ

ለክቡር ጓድ ሸዋንግዛው ዳምጠው
የአሥረኛው የአብዮት በዓል የመዝናኛ ንዑስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? መስከረም 2 ቀን ከምድር ስድስት ሜትር ከፍ ብለው በቀበሌ ወንበር ላይ ለሁለት ሰዓት ከሩብ ከተቀመጡ ወዲህ አካሄድዎ ትንሽ ወደ ግራ ማዘንበሉን የከተማው ሕዝብ በሐዘኔታ ተመልክቷል፤ ወደ ግራ መሆኑ ግን ሁላችንንም አጽናንቶናል። ፈጣሪ፣ ወይም እርስዎ በእርሱ ፋንታ የሚያምኑበት ሌላ አካል፣ ፈጥኖ ያቃናዎት ዘንድ ምኞቴ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ አጅዋንግ አኳይ እባላለሁ። በዚሁ ከተማ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ፤ «ነበርኩ» ያልኩት ከጥቅምት ወር ጀምሮ በእርስዎ ፊርማ ከማስተማር ታግጄ ወደ ጎግ እንድዛወር ስለታዘዝኩ ነው። ቋንቋዬ አኙዋክ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ በማትሪክ ፈተና «ኤ» ያመጣሁበት ቢሆንም የእናቴ ቋንቋ አይደለምና፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሚገባዎት በላይ የተከበሩበት ቦታ ቢገኝ የቋንቋ ስህተት አድርገው ይዩልኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ከዚህ በፊት በዝግ የጻፍኳቸው አራት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ ዝግ ፖስታ መክፈት ጊዜዎን እንደሚሻማ ተረድቼ ይህኛውን ያለ ፖስታ ሰቅየዋለሁ።

ጉዳዮቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ መዝናኛ ስላመጡልን ምስጋናዬን ላቅርብ። ለስድስት ወር ትምህርት ወደ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሄደው ሲመለሱ፣ አብረውዎት የሄዱት ጓዶች ካፖርትና ሬዲዮ ሲያመጡ፣ እርስዎ ለሕዝቡ አንዲት ፖስት ካርድ ይዘው መጡ። በፖስት ካርዷ ላይ በመብራት ያሸበረቀ ታላቅ መንኮራኩር ነበረ፤ በዙሪያው በተንጠለጠሉ ወንበሮች ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከከተማው ጣሪያ በላይ ሆነው ይስቃሉ። እርስዎም በየስብሰባው ከደረት ኪስዎ እያወጡ፣ የጋምቤላ ሠርቶ አደርም በአሥረኛው የአብዮት በዓል ላይ እንዲሁ ከፍ ብሎ እንደሚስቅ ቃል ገቡልን። የጋምቤላ ሰው ከጥንት ጀምሮ ልቡ ደንገጥ እንዲል ሲፈልግ ወደ ባሮ ወርዶ ይዋኝ ነበር፤ አዞ የታየ ዕለት ደግሞ ደስታው እጥፍ ይሆን ነበር። ይህ መዝናኛ ግን ያልተደራጀና ሊቀ መንበር የሌለው መሆኑን አስረዱን፤ እኛም ገባን።

ከመንኮራኩሩ ቀድሞ የተመረቀውን የቆርቆሮ መንሸራተቻ ሳላነሣ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የጋምቤላ ፀሐይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮን ምን እንደምታደርገው ለእንግዳ ሰው መንገር ነውር መስሎን ዝም አልን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ስድስት ልጆች ከላይ እየሳቁ ተነሥተው ከታች እያለቀሱ ደረሱ። በሪፖርትዎ ላይ «ሕፃናቱ በከፍተኛ ፍጥነት ተንሸራተዋል» ተብሎ የሰፈረው ፍጹም እውነት ነው፤ የሚቃጠል ሰው ይፈጥናል።

2. ስለ መንኮራኩሩ አሠራር። በእንግሊዞቹ ዘመን በክረምት እስከ ከተማችን ይመጡ ከነበሩት የእንፋሎት መርከቦች አንዷ ጥላት የሄደች፣ በወንዙ ዳር ሣር የበቀለባት የብረት መቅዘፊያ መንኮራኩር እንደነበረች ያስታውሳሉ። እርስዎ በፖስት ካርዷና በዝገቱ መካከል ያለውን ዝምድና ከማንም ቀድመው አዩ፤ ይህን ያህል አርቆ የሚያይ ዓይን ቅርቡን ባያይ አይፈረድበትም። ሥራውንም ለአጎቴ ለኦፒው ሰጡት።

ኦፒው የእናቴ ወንድም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ባሮን በታንኳ ሰው ሲያሻግር የኖረ፣ ታንኳውንም ራሱ ከግንድ ፈልፍሎ የሚሠራ ሰው ነው። ማንበብና መጻፍ አልተማረም፤ አማርኛውም ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ነገር ግን ምን ምን ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚገለበጥ ከእኔ የፊዚክስ መጽሐፍ በፊት የሚያውቅ ሰው ነው። ከብየዳ ሠራተኛው ከሪክ ጋር ሆኖ መንኮራኩሯን በሁለት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ አቆማት፤ ስምንት የቀበሌ ወንበሮች በሰንሰለት አንጠለጠለባት፤ በግራና በቀኝ አራት ሰዎች የሚያዞሯት እጀታ፣ እንዲሁም ከእንጨት የተጠረበ ፍሬን ሠራላት። ለኩሽኔታው የሚሆን ግሪስ ከኮሚቴው ሲጠየቅ «በሂደት ላይ ነው» ስለተባለ በዓሣ ሞራ ቀባት፤ በዚህም ምክንያት የከተማው ድመቶች ሁሉ የአብዮቱን በዓል ከሁላችንም ቀድመው በጉጉት መጠባበቅ ጀመሩ።

የእርስዎ ድርሻ ጽሑፉ ነበር። በመንኮራኩሯ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ክንድ በሚያህሉ ፊደላት «የታሪክ መንኮራኩር ወደ ኋላ አይዞርም» አስባሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ኦፒው ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀኝና ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ይህቺን ግን በሁለቱም በኩል እንድትዞር ነው የሠራኋት» አለኝ። በዚያን ጊዜ ስቄ ነበር።

3. ስለ አቀማመጥ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነውና።

በባሮ ላይ የተሳፈረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በታንኳ ውስጥ ሰው የሚቀመጠው ወደ ፈለገበት አይደለም፤ ባለ ታንኳው በመቅዘፊያው ጫፍ ወደ ጠቆመው ቦታ ነው። አንድ ከባድ ሰው ወደዚህ፣ አንድ ከባድ ሰው ወደዚያ፤ ቀላሉ ወደ ጫፍ። ባለ ታንኳው ተሳፋሪውን ከእግር እስከ ራሱ አንድ ጊዜ ያየዋል፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ አይደለም፤ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ኦፒው በወጣትነቱ የመንደራችንን ንጉሥ ሲያሻግር እንኳ «አንተ ከፍየሎቹ ጋር» ብሎ ጠቁሞታል። ንጉሡም ከፍየሎቹ ጋር ተቀምጧል፤ አልሰመጠም፤ ከተሻገረ በኋላም ንጉሥ እንደሆነ ኖሯል።

መንኮራኩሯም እንደ ታንኳ ናት። በአንድ ወገን የተቀመጠው ክብደት በትይዩው ካልተመለሰለት እጀታውን የያዙት ሰዎች መንኮራኩሯን ማዘዛቸው ቀርቶ መንኮራኩሯ እነርሱን ታዛቸዋለች። ስለዚህ ኦፒው በጠየቀኝ መሠረት በዓሉ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ተሳፋሪዎቹን ሁሉ በእህል መጋዘኑ ሚዛን መዘንኩና ዝርዝር አዘጋጀሁ። አንደኛው ወንበር ላይ እርስዎ፤ ክብደትዎ ዘጠና አራት ኪሎ። ከእርስዎ ትይዩ በአምስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ እርስዎን የሚስተካከል ሰው ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። በአሥረኛው የአብዮት ዓመት እንደ እርስዎ የወፈረ ሰው ማግኘት ቀላል ሥራ አልነበረም። በመጨረሻ የተገኙት በወንዙ ዳር ዓሣ የሚሸጡት እማማ ኛሉዋክ ናቸው፤ ዘጠና ሦስት ኪሎ። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ቁጥሩን ሰምተው «አንዱን ኪሎ ለሊቀ መንበሩ ለቅቄለታለሁ፤ ማዕረግ ነው» አሉ።

አሳፋፈሩም ተራ ነበረው፦ መጀመሪያ እርስዎ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ተዙሮ ከትይዩዎ ኛሉዋክ፣ ከዚያ ሦስተኛውና ሰባተኛው፣ እንዲህ እያለ። ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አቅርቤ በቢሮዎ ማኅተም ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ሌላ ዝርዝር ወጣ። አንደኛ ወንበር ሊቀ መንበሩ፤ ሁለተኛ ወንበር ምክትል ሊቀ መንበሩ፤ ሦስተኛ ወንበር ጸሐፊው፤ አራተኛ ወንበር የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው፤ ከአምስት እስከ ስምንት «ሰፊው ሕዝብ»። ሰፊውን ሕዝብ እንዲወክሉ የተመረጡት አራት ተማሪዎቼ ሲሆኑ የሁሉም ታላቅ ኛዱዎት ሠላሳ ስምንት ኪሎ ትመዝናለች። ለምን እንደተለወጠ ስጠይቅ፣ አንድ ሊቀ መንበር ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ጋር «በእኩል ሚዛን» መታየቱ ከክፍለ ሀገር በሚመጡት እንግዶች ፊት የተሳሳተ ትርጉም እንደሚሰጥ ተገለጸልኝ። አሥር ዓመት ስለ እኩልነት የሰማሁት ትምህርት ሁሉ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጠናቀቀልኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

4. ስለ ዕለቱ። ሪፖርትዎ የዕለቱን ሁኔታ በስምንት መስመር ስላጠቃለለው፣ የጎደለውን ብሞላ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

ኦፒው በመንኮራኩሯ ሥር ቆሞ ወንበሮቹን እየያዘ ያሳፍር ነበር። እጀታውን እነሪክ ይዘዋል። የፍሬኑ ኃላፊ ተብሎ በኮሚቴው የተመደበው ጓድ፣ እርስዎ መጀመሪያ ሲሳፈሩ ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ፊት እንደሄደ አልተመለሰም። እርስዎ ወጡ፤ ምክትልዎ ተከተሉ፤ ጸሐፊውና የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ተከተሉ። አራታችሁም በማዕረግ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ወገን፣ እንደ ሙዝ ዘለላ ተሰቀላችሁ። በሌላው ወገን አራት ባዶ ወንበሮች ነበሩ። እርስዎ ልክ ጫፍ ላይ ደርሰው እጅዎን ለሕዝቡ ሲያወዛውዙ፣ ኛዱዎት አንድ እግሯን በአምስተኛው ወንበር ላይ አሳርፋለች።

ያን ጊዜ መንኮራኩሯ ራስዋን ችላ ወደ ኋላ መዞር ጀመረች።

ማንም አላዞራትም። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ አመራር በአንድ ወገን ተንጠልጥሎ ነበርና የመጣበትን መንገድ ተመለሰ። እጀታው ከአራቱ ሰዎች እጅ አምልጦ ሪክን አፉ ላይ መታው። የኛዱዎት እግር በወንበሩና በመሳፈሪያው ጣውላ መካከል ገባ። ያኔ ፍሬኑ ተጎተተ፤ መንኮራኩሯ ቀጥ አለች፤ የልጅቷ እግር ወጣ፤ የሸራ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ያ ጫማ ዛሬ በእጄ ይገኛል፤ ከመጽሐፍ ቀጥኗል። ሪክን ያየሁት አፉን በመዳፉ ይዞ ነው። የእርሱ ወገኖች ልማድ የታች ጥርስን በልጅነት ማስወለቅ ነውና፣ ደሙን ተፍቶ «የታችኞቹን ለባህል ሰጠሁ፤ የላይኞቹን ደግሞ ለአብዮቱ» አለ። የወለቁት ሁለት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ከፍታ ላይ ሆነው አይተውታል። ኦፒው ከሥር ሆኖ፣ በገበያ አማርኛው፣ «ጓድ፣ ወደ ፊት ከሄደች አንተ ትበራለህ፣ ልጆቹን ትጨርሳለህ፤ ወደ ኋላ ቀስ፣ ቀስ» ብሎ ነገረዎት። ነገሩ ፊዚክስ ነው፤ አራታችሁ ጫፉን ተሻግራችሁ ቢሆን ኖሮ ምንም ፍሬን አያቆማችሁም ነበር፤ የምታርፉትም በሰልፍ በቆሙት ተማሪዎቼ ላይ ነበር። እርስዎ ግን ከላይ «ወደ ፊት ብቻ! ሰው ጨምሩ!» እያሉ በእጅዎ ያመለክቱ ነበር፤ ከእግርዎ ሥር በቀይ ቀለም የተጻፈውን በእንግዶች ፊት ማስዋሸት አልፈለጉምና።

ከመሬት የቀሩት የኮሚቴው አባላት በማንጎው ዛፍ ሥር አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። ሆኖም ከሰባቱ አባላት አራቱ ተሰቅለው ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ ቀረ። ጉዳዩ ከታች እየተጮኸ ወደ ላይ፣ ከላይ እየተጮኸ ወደ ታች ቀረበ። ምክትልዎና ጸሐፊው ወደ ኋላ መዞሩን ደግፈው እጃቸውን ሲያወጡ ወንበራቸው ስለተወዛወዘ ፈጥነው ድምፅ አልባ ሆኑ። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ ብለው ሳለ፣ ለመዝለል የሚያስቸግራቸው ነገር ሳይኖር፣ ከሊቀ መንበራቸው ቀድመው መሬት መርገጥ ማዕረግን መዳፈር መስሎ ስለታያቸው እንደተሰቀሉ ቀሩ። እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን አይቼ አላውቅም። እማማ ኛሉዋክ ከዓሣቸው አጠገብ ቆመው ስለ ነፍስዎ ይጸልዩ ነበር፤ ጸሎት በበዓሉ ፕሮግራም ላይ ስላልተያዘ ግን ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ነበር።

ሁለት ሰዓት ከሩብ እንዲህ ሆነ። ከባሮ ማዶ ጥቁር ደመና ሲነሣና ነፋሱ ወንበሮቹን መነቅነቅ ሲጀምር፣ ምሰሶዎቹ ጮኹ። ያኔ ፍሬኑ በጥቂት በጥቂቱ ተለቀቀ፤ ኦፒውና እነሪክ በገመድ ይዘው መንኮራኩሯን ወደ ኋላ መለሷት። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ወረዱ፤ ጸሐፊው ወረዱ፤ ምክትልዎ ወረዱ፤ ቀድመው የወጡት እርስዎ በመጨረሻ ወረዱ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጭብጨባው ለኦፒው መሆኑን በዚያ ሰዓት የሚነግርዎ ሰው አለመኖሩ ትልቅ የፕሮቶኮል ጉድለት ነበር፤ ዛሬ አርሜዋለሁ።

5. ስለ ክሱ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦፒው ተይዞ በቀበሌው ማረፊያ ቤት ገባ። ዛሬ ስድሳ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ክሱ አሻጥር ሲሆን ሦስት ነጥቦች አሉት፦ ፍሬን በመጎተት የመንኮራኩሩን ወደ ፊት ጉዞ አሰናክሏል፤ በእንግዶች ፊት ወደ ኋላ አዙሮታል፤ ሊቀ መንበሩን «አንተ» ብሏል።

የመጨረሻውን ነጥብ አልክድም። በቋንቋችን ለንጉሥም ለልጅም ለፈጣሪም የሚባለው ያው አንድ ነው፤ «እርስዎ» የሚለውን ቃል የተማርነው ከእናንተ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ባነበብኩ ቁጥር የሚገባውም ለማን እንደሆነ አብራችሁ ብታስተምሩን ጥሩ ነበር እላለሁ።

ታንኳው በወንዙ ዳር ተገልብጦ ነው ያለው። ክረምቱ ወጥቶ ባሮ ወደ ኋላ እየሸሸ ስለሆነ እንጨቱ ይደርቃል፤ የደረቀ ታንኳ ደግሞ ይሰነጠቃል። በየማለዳው በባልዲ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ሆኖም ባለፈው ሳምንት በስተ ኋላው አንድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አግኝቻለሁ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሌላ ግንድ አይፈለፍልም። እርስዎ ያሰሩት አንድ ሰው መስሎዎት ይሆናል፤ ሁለት ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወረቀት ቀርቦለት እንዲፈርም ተጠየቀ። ማንበብ ስለማይችል የእኅቱ ልጅ ታንብብልኝ ብሎ እኔ ተጠራሁ፤ አነበብኩለት። «ከአድኃሪያን ጋር በማበር ሆን ብዬ መንኮራኩሩን አቁሜአለሁ፣ ወደ ኋላም አዙሬአለሁ» ይላል። የፈረመ እንደሆነ ወደ ክፍለ ሀገሩ ወኅኒ ይላካል፤ ከዚያ የተመለሰ ባለ ታንኳ አላውቅም። ኦፒው እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማን እንደጫናት ተጽፏል?» አለ። አልተጻፈም አልኩት። እስክሪብቶውን ለጠባቂው መለሰለት። እስከ መጪው ሰኞ ካልፈረመ «ሌላ እርምጃ» እንደሚወሰድ ተነግሮታል።

6. ይህ አጭር ነው። ሪፖርትዎ ፍሬኑን ኦፒው ጎተተ ይላል። ኦፒው በዚያ ሰዓት በሁለት እጁ የኛዱዎትን ወገብ ይዞ ነበር፤ መቶ ሰው አይቶታል። ፍሬኑን የጎተትኩት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ይዙር ብዬ ያዘዝኩት፣ ፍሬኑንም እየለቀቅኩ አራታችሁን አንድ በአንድ ያወረድኩት እኔ ነኝ። መርማሪዎችዎ ያን ሁሉ ሰው ሲጠይቁ አንድም ጊዜ እኔን ያልጠየቁኝ፣ ቀሚስ የለበሰ ሰው ፍሬን ይጎትታል ብሎ ማሰብ ስላልቻሉ ነው። እኔን የቀጣችሁኝ ስለ ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ «ከኮሚቴው ውሳኔ ጋር የሚቃረን የክብደት መረጃ በማሰራጨት»።

ስድሳ ሦስት ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ቢጠይቁኝ ትክክል ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማፍርበት ነገር እሱ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን በማረፊያ ቤቱ መስኮት ስር ቆሜ ልናገር ነው ስለው፣ ኦፒው «አንቺ ቆመሽ የምታስተምሪ ነሽ፤ እኔ ተቀምጬ መዋል የለመድኩ ባለ ታንኳ ነኝ። ተይኝ ልቀመጥ» አለኝ። አጎት ነውና ታዘዝኩት። ፈርቼም ነበርና መታዘዙ ተመቸኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ግን አልተመቸኝም።

ስለ ዝውውሬ አቤቱታ የለኝም። ጎግ የእናቴ አገር ነው፤ የአክስቶቼ ቤት በር ሳይቆለፍ ይጠብቀኛል፤ በከተማው ውስጥ ለቅጣት ተብሎ ወደ ዘመዶቹ የተላከ ሰው እስካሁን እኔ ብቻ ስለሆንኩ ብዙዎች ምን ባጠፋ ይሻላል እያሉ ይጠይቁኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ኅዳር 10 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የኛዱዎትን ጫማ፣ በቢሮዎ ማኅተም የተመታውን የክብደት ዝርዝርና አንድ ነጠላ ይዤ ከማረፊያ ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። ሪክ ስለ እጀታው፣ ኛዱዎት ስለ እግሯ ለመናገር ይመጣሉ። መንኮራኩር ወደ ኋላ ስለዞረ አንድ እስረኛ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ እኔ አለሁ፤ ትክክለኛዋም እኔ ነኝ። ነገር ግን እባክዎ በባሮ ሕግ ይሁን፤ በሞላ ታንኳ ላይ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወርዳል። እኔ በበሩ ስገባ ኦፒው በዚያው በር ይወጣል። ሁለታችንንም በአንድ ወገን ሊጭኑን ካሰቡ ግን፣ በአንድ ወገን የተጫነ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ከተማ ውስጥ እንደ እርስዎ በቅርብ ያየ ሰው የለምና ለርስዎ ማስረዳት አይገባኝም።

ከተሰቀሉበት ለወረዱት ክብርዎ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት፣ ለወገብዎም የማያቋርጥ ሐሳቤን እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ባልከፋ ወንበር ላይ ተቀምጬ መልስዎን የምጠባበቅ፣

ሚዛን ይቅደም!

አጅዋንግ አኳይ
የፊዚክስ መምህርት (ታግዳም ቢሆን)

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዓሣ ገበያው ግድግዳ
ለመንኮራኩሩ የግራ ምሰሶ (በምስማር የሚመታ)
ለአቶ ኦፒው፣ ማረፊያ ቤት (በመስኮት የሚነበብለት)

ማሳሰቢያ፦ እማማ ኛሉዋክ ለኦፒው በየቀኑ ምሳ ሲያመላልሱ ሰባት ኪሎ ስለቀነሱ ከእንግዲህ ለእርስዎ ትይዩ መሆን እንደማይችሉ በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ። ለሚቀጥለው በዓል ዘጠና አራት ኪሎ አሸዋ በጆንያ ሞልተን አምስተኛው ወንበር ላይ እናስቀምጥልዎታለን፤ አሸዋ ቦታውን ያውቃል፣ ከላይ ሆኖ አይጮኽም፣ ሲወርድም ሰው አያሳስርም። በሕዝቡ አስተያየት ከሁለቱ ተሳፋሪዎች አንዱን ብቻ መጫን ቢያስፈልግ የትኛው እንደሚመረጥ ግን፣ ስለ ክብርዎ ስል፣ ከዚህ ደብዳቤ አስቀርቼዋለሁ።